ፈይሳ ጸጉር ቤት ምን ይሠራል?

ወንድ ልጅ ሲታማ ምርጫ ቢሰጠው ትልቁን ሐሜት ይመርጣል። አንዱን ጠርታችሁ «ሚስት ላይ ሚስት ደርበሃል አሉ» በሉት፤ ይቆጣል፣ ይምላል፣ «ማነው ያለው?» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ከቁጣው ሥር ግን ደረቱ ትንሽ ነፋ ሲል ካላያችሁ ዓይናችሁን ታከሙ። ያንኑ ሰው «ከመተኛትህ በፊት ፊትህን ቅባት ትቀባለህ አሉ» ብትሉት ግን በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ሐሜት ያስቆጣል፤ ትንሽ ሐሜት ያስቃል። ሰው ደግሞ የሚጠሉትን ይችላል እንጂ የሚስቁበትን አይችልም።

ይኼን በመጽሐፍ አላነበብኩትም። አምቦ ውስጥ፣ የጌዶ ሚኒባስ ከሚጭንበት ብዙ ሳይርቅ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲባል ወረቀት ብቻ የሚባዛበት ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ወሬም ይባዛል፤ ያውም ቀለም ሳይጨርስ፣ መብራት ሲጠፋም ሳይቆም። ከሱቄ ፊት ለፊት ደግሞ የጽጌ የሴቶች ጸጉር ቤት አለ። እንግዲህ እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ፣ መሐላችን ላይ አስፋልቱ፤ በዚያ አስፋልት ላይ ያለፈ ሰው ሁሉ ወይ በእኔ ወይ በእሷ በኩል ሳይመረመር አያልፍም።

ፈይሳ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ዶክተር አይደለም፤ ግን በጌዶ ገበያ የሰው ኮርማ ከሞት የመለሰን ሰው ገበሬው ዶክተር ካላለ ማንን ይላል? ስለዚህ ዶክተር ፈይሳ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ በሬ መርፌ ሲወጋ እንኳ በሬውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት። አንድ ችግር ነበረበት። ሲጋራ ያጨስ ነበር።

ይኼ ችግር ችግር የሆነው ራሄልን ሲያጭ ነው። ራሄል አስተማሪ ናት፤ አባቷ ኦቦ ኢተፋ ደግሞ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ኢተፋ ሲጋራ የሚሸት እጅ አይጨብጡም። ሳያውቁ ከጨበጡም ይታጠባሉ፤ ሲታጠቡ ደግሞ ባለእጁ እንዲያይ በሩን ከፍተው ነው። ራሄል እንደ አባቷ አታካብድም፤ «ወይ እኔ ወይ እሱ» አለችው፤ በቃ። ፈይሳም እሷን መረጠ። ሲጋራውን ተወ። ኦቦ ኢተፋ በእንግዳ ፊት አመስግነው ጸለዩ፤ የወደፊት አማቻቸው ከጥልቁ እንዴት እንደወጣ ለጎረቤት ተረኩ። ፈይሳ በአንድ ጊዜ የከተማው ምሳሌ ሆነ። ምሳሌ መሆን ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው ያይሃል።

ከዚያ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ቬፕ ይዞለት መጣ።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ እኔም ሳልወድ ነው የተማርኩት። በሱቅ መደርደሪያ ላይ በግልጽ የማይቀመጥ ዕቃ ነው። ከታች ባትሪ አለው። ከላይ እንደ ስኒ የጎደጎደች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ጉድጓድ አለች፤ በውስጧ እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ቀጭን ሽቦ አለ። በሽቦው መሐል ክር ያልፋል። ክሩ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ሰውየው ይስባል፣ እንፋሎት ይወጣል። በአጭሩ ኩራዝ ነው። ኩራዝ ግን ቢያንስ ብርሃን ይሰጣል።

«ማጨስ ጀመርክ?» አልኩት።

«አላጨስኩም» አለ ፈይሳ። «ይኼ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። እኔ የማልኩት ሲጋራ አላጨስም ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ከብት ማከም ባይማር ኖሮ ጠበቃ ይሆን ነበር፤ ከብቶቹም እኛም ተረፍን።

ዕቃው ፋብሪካ ጠምዝዞ፣ ክሩን ከትቶ የሚሸጠው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ። ወንድሙ ያመጣለት ግን ባለቤቱ ራሱ ሽቦውን ጠምዝዞ፣ ክሩን ራሱ አስገብቶ የሚሠራው ነው። እዚህ ላይ ፈይሳ ጠፋ። ማለቴ፣ ሰውየው አለ፤ ልቡ ጠፋ። ከሥራ ሲመለስ በሱቄ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ይገባና፣ ለጥጃ ቁስል የተሰጠውን መቆንጠጫና ትንሽ መቀስ ዘርግቶ፣ የበሬ ቁስል የሚጠርግበትን ጥጥ በሽቦው መሐል ሊያሳልፍ ይታገላል። ሲስበው ያስለዋል። ምን ይላል ብዬ አንዴ ቀመስኩለት፤ ነጠላ ለብሶ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ጠረን አለው።

ከዚያ በስልኩ ላይ አንድ ነገር አነበበ። ጥጥ አይሆንም፤ የሚሆነው ሬዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሬዮን ፈሳሹን ቶሎ ይጠጣል፣ የጥጥ ጣዕም የለውም፣ ብዙ ያገለግላል። ይኼን ሲነግረኝ ዓይኑ ላይ ያየሁትን ብርሃን፣ መንታ ጥጃ ሲያዋልድ እንኳ አላየሁበትም።

ሬዮን ከየት ይምጣ? ጨርቅ ተራ ሄደ። «ሬዮን አለ?» ሲል ሞልቷል አሉት፤ አረንጓዴ አበባ ያለበት የቀሚስ ጨርቅ ቆርጠው ሰጡት። ከጠርዙ ላይ ክር መዞ፣ ጠቅልሎ፣ ሽቦው ውስጥ ከተተው። የተነፈሰው ነገር እንፋሎት አልነበረም፤ የጨርቅ ቀለም ነበር። ግማሽ ቀን ሲያስል ዋለ። የተረፈውን ጨርቅ ለራሄል ስጦታ አደረገው። ራሄል ደስ ብሏት ጠርዙን ስትዳስስ፣

«ይኼ ምን ነካው?» አለችው።

«አይጥ ነው።»

የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ አይጥ ነበረች።

የጨርቅ ክር እንደማይሆን ከገባው በኋላ እንደገና አነበበ። ለካ የሚፈለገው ያልተፈተለ፣ ነጭ፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ለስላሳ ሬዮን ነው። የት ይገኛል? ሴቶች ጸጉር በሚሠሩበት ቤት። ጸጉር በመድኃኒት ሲጠቀለል ወይም ሲለሰልስ፣ ፈሳሹ ግንባር ላይ እንዳይወርድ ዙሪያውን የሚታሰረው ነጭ ነገር፣ እሱ ነው። ፈይሳ ይኼን ሲያነብ በሱቄ መስኮት ወደ ጽጌ ቤት አየ። እኔ ደግሞ እሱን አየሁት። «ተው» አልኩት። አልተወም።

ያን ዕለት የሆነውን ጽጌ ናት በኋላ የነገረችኝ። ሦስት ሴቶች ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ከነቦርሳው ገባ፤ ደንገጥ ብሎ «አካም ጅርቱ» አለ፣ ሰላም ለሁሉም። ከዚያ ወደ ጽጌ ተጠግቶ በሹክሹክታ፣

«ያ ነጭ ጥጥ... ትንሽ ብትሸጪልኝ» አላት።

«ለምንህ?»

«ለ... ለጥጃ።»

«ጥጃዋ ልትዳር ነው?» አለች ጽጌ፤ ሳቋ ሱቄ ድረስ ተሰማ። ግን ሰጠችው።

ሹክሹክታ ነው ጥፋቱ። ጮክ ብሎ ቢጠይቅ ሦስቱ ሴቶች ስለ ጥጥ ያወሩ ነበር። ሹክ ስላለ ስለ ሁለቱ አወሩ።

አንድ ጊዜ ገብቶ ቢቀር ኖሮ ወሬው በሳምንቱ ይሞት ነበር። ነገር ግን ሬዮን ሙያ ይፈልጋል፤ ፈይሳም ሙያውን በጽጌ ጥጥ ላይ ነው የተማረው። በመጀመሪያ እንደ ጥጡ ላላ አድርጎ አስገባው። ፈሳሹ አለቀበት፣ ከሥር አፈሰሰ፣ ሱሪ ኪሱን አረጠበ። ፈሳሹ የማንጎ ጣዕም ያለው ነበር። በዚያው ሱሪ ጌዶ ገበያ ወረደና ንቦቹ ከበጎቹ ለይተው ተከተሉት። ተመልሶ ጥጥ ጠየቀ። ቀጥሎ ጠበቅ አደረገው፤ ነገር ግን ሁለቱን ጫፎች ሳይቆርጥ ጉድጓዷ ውስጥ ጠቀጠቃቸው፤ ፈሳሹ መውጫ አጣ፣ ክሩ ደረቀ፣ ጉሮሮው ነደደ። ተመልሶ ጥጥ ጠየቀ። ቀጥሎ ጫፎቹን ከመጠን በላይ አሳጠረ። ተመልሶ... ገብቷችኋል።

መጨረሻ ላይ በራለት። እኔንም አስቀምጦ አስተማረኝ።

«ጥጥ ሲረጥብ ያብጣል» አለ። «ስለዚህ ላላ አድርገህ ትተዋለህ፤ ሲያብጥ ሽቦውን ራሱ ይሞላዋል። ሬዮን ግን አያብጥም። እንዲያውም ሲረጥብ ይሰክናል። ስለዚህ በደረቁ ነው ሽቦውን የሚሞላው፤ ስትጎትተው ሽቦው አብሮ ሊመጣ እስኪል። ጫፎቹን ደግሞ ታበጥራቸዋለህ፣ ታሳሳቸዋለህ፣ ጉድጓዷን ነካ ብቻ ያደርጓታል። መጠቅጠቅ የለም።»

እንዳለውም አደረገ። ሳበ። አላሰለውም። ዓይኑን ጨፈነ። ሱቄ በማንጎ ደመና ተሞላ፤ መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ የገባች ሴትዮ አየሩን አሽትታ «ፍራፍሬም ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። ያን ቀን ፈይሳ በሕይወቱ ውስጥ አንድ ነገር ፍጹም አድርጎ የሠራ ሰው መስሎ ወጣ። እውነትም ሠርቷል። የሠራው ነገር ለማንም የማይነገር መሆኑ ነው እንጂ።

ከተማው ደግሞ የራሱን ክር እየፈተለ ነበር። መጀመሪያ «ዶክተሩ ሽበቱን ያስጠቁራል» ተባለ። ይኼ ትንሽ ሐሜት ስለሆነ ብዙ አልቆየም። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረ። ጽጌ ፈት ናት፤ ሳቋ ትልቅ ነው፤ ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች። በእኛ ከተማ እነዚህ ሦስቱ ማስረጃ አይደሉም፤ ፍርድ ናቸው። ፎቶ ኮፒ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ ፎቶ ኮፒ ፈለጉ። አንዱ የልደት ካርዱን ሲያስገለብጥ ዓይኑ ጽጌ በር ላይ ነው፤ ገጹን ዘቅዝቄ ብሰጠው እንኳ አላወቀም። ወሬው ጌዶ ለመድረስ ሚኒባስ አልጠበቀም። ካቺሲ ያለች አክስቴ ደውላ ስለ ጤናዬ ሳትጠይቀኝ ስለ ፈይሳ ጠየቀችኝ።

እኔስ? ላልናገር ለፈይሳ ቃል ሰጥቻለሁ። ዝም ባልኩ ቁጥር ግን «አየህ፣ ጓደኛው እንኳ መካድ አልቻለም» ይባላል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት የተተረተው ፎቶ ኮፒ ቤት በሌለበት አገር መሆን አለበት።

አንድ ጠዋት ኦቦ ኢተፋ ራሳቸው መጡ። የሚገለበጥ ወረቀት አልያዙም። ቆባቸውን አውልቀው ወንበር ሳቡ።

«ልጄ፣ ከአንተ ሱቅ ያ ቤት ይታያል» አሉኝ።

«ይታያል፣ ኦቦ ኢተፋ።»

«ፈይሳ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ምን ይሠራል?»

«እሱን ራሱን ቢጠይቁት...»

«ዱጋ» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ቅዳሜ እጠይቀዋለሁ። አንተም ከእሱ ወገን ሆነህ ትመጣለህ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦቦ ኢተፋ ቤት ስንሄድ ፈይሳን ለመንኩት። «እውነቱን ንገራቸውና ይለቅ» አልኩት።

«ምን ብዬ? ጥጥ ልገዛ ነው የምገባው ብዬ? ይስቁብኛል።»

«አመንዝራ ከሚሉህ አይሻልም?»

እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ደረቱን አየሁት። ምን ላድርግ፣ ልማድ ሆኖብኛል።

ሳሎኑ ሞልቷል። ኦቦ ኢተፋ መሐል ላይ፤ በስተቀኛቸው ሽምግልናውን የሚመሩት ኦቦ ዲንሳ፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ትዳር ሲያስታርቁ የራሳቸውን ጎጆ ዞር ብለው አላዩም ይባላል። ራሄል ጓዳ ናት፤ በሩ ግን ገርበብ ያለ ነው። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ኦቦ ዲንሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ኮርማና ስለ በረት፣ ስለ አንድ ልብና ስለ ሁለት መንገድ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ፈይሳን፣

«እሺ ዶክተር፣ ማል ጄታ? ምን ትላለህ?» አሉት።

ፈይሳ ዝም አለ። መሬት መሬት አየ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ በየፊቱ ላይ «አለቀለት» የሚል ጽሑፍ ማንበብ ቻልኩ። አንድ እናት ከንፈራቸውን መጠጡ።

በዚህ መሐል ጽጌ ገባች። ኦቦ ዲንሳ «ሁለቱም ወገን ይሰማ» ብለው ለካ አስጠርተዋታል። ሥራ ላይ ስለነበረች ሽርጧን አልፈታችም፤ ደረቷ ላይ የጸጉር ሽቦዎች እንደ ሜዳሊያ ተደርድረዋል። ለመቀመጥም አልጠበቀች።

«እኔን ለዚህ ነው የጠራችሁኝ?» አለች። «ይኼ ሰው አንድ ቀን ፊቴን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ጸጉሬን ቀይ ቀለም ተቀብቼ ስንት ጊዜ ገባ፣ ወጣ፤ አላየም። ጥጥ ብቻ ነው የሚያየው። ጥጥ! ሴት ፈልጎ የሚመጣ ወንድ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔም ባሌን ባልፈታሁ።» ወደ ፈይሳ ዞረች። «ንገራቸው እንጂ አንተ! በአንተ ጥጥ የእኔ ስም ይጥፋ?»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነካችው። እስከዚያች ደቂቃ የራሱን ውርደት ብቻ ሲመዝን ነበር፤ የእሷን ያሰበው አልመሰለኝም። ተነሳ፤ ከኪሱ ያቺን ዕቃ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ሲጋራ ትቻለሁ» አለ። «ይኼን ግን እስባለሁ። ጽጌ ጋ የምሄደው ለክሩ ነው።»

አሁን ቁጣ ይጠበቃል አይደል? እኔም ጠበቅኩ። ኦቦ ኢተፋ አፋቸውን ከፈቱ። ከሁሉም ግን ኦቦ ዲንሳ ቀደሙ፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ዕቃዋ ጎንበስ አሉ።

«ክሩ የታለ?»

ፈይሳ ከፍቶ አሳያቸው።

«ይኼማ ኩራዝ ነው!» አሉ። «ዳሩ ግን ክሩን አጥብቀኸዋል። ኩራዝ ክሩ ከጠበቀ ጋዙ አይወጣም። እኔ በኩራዝ ነው ተምሬ ያደግኩት፤ ማሎ፣ እባክህ ላላ አድርገው።»

«ኦቦ ዲንሳ፣ እሱ ጥጥ ሲሆን ነው። ጥጥ ያብጣል፤ ይኼ አያብጥም።»

«የማያብጥ ጥጥ የለም!»

«ጥጥ አይደለም፣ ሬዮን ነው።»

«ፋኖስ ቢሆንስ?» አሉ ከጥግ ሌላው ሽማግሌ። «የፋኖስ ክር ጠፍጣፋ ነው።» በዚህ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ይጥበቅ የሚሉና ይላላ የሚሉ። ዕቃዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ኦቦ ዲንሳ በጽጌ የጸጉር ሽቦ ክሩን ገፋ ገፋ አደረጉ። ሲጋራ የነካ እጅ የማይጨብጡት ኦቦ ኢተፋ እንኳ «ጫፉ ረዝሟል፣ ያ ነው ችግሩ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ ትዳር ክብር የተነሳ ሰው አልነበረም። የአንዲት ሴት ልጅ ዕድል ሊወስኑ የተሰበሰቡ ሰዎች ስለ ክር ርዝመት ተጣሉ።

ራሄል ያን ጊዜ ከጓዳ ወጣች። ያንን አረንጓዴ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሳለች። ሽማግሌዎቹ አስተማሪ እንደገባባቸው ተማሪዎች ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ጨረሳችሁ?» አለች። ወደ ፈይሳ ዞረች። «አይጧም አንተ ነበርክ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ሴት ነው ሲሉህ ለምን ዝም አልክ?»

«አፈርኩ።»

«እኔ እዚያ በር ጀርባ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ሌላ ሴት አለችው ብዬ ባምን ግድ የለህም፤ ጥጥ ሲገዛ ታየ ቢሉህ ግን ታፍራለህ።» የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ስለ ሲጋራው አይደለም፣ ፈይሳ። ሠርጉ ይቆይ።»

ተመልሳ ገባች። በሩን በዚህ ጊዜ ገጥማ ዘጋችው።

ስንወጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ዕቃ የለችም። ማን እንደወሰዳት አልታወቀም። እኔ ስም አልጠራም፤ ግን ሽምግልናው ካለቀ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ በችኮላ የወጣውን ሰው መነጽር አስታውሳለሁ።

ፈይሳ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልገዛም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእሱ ጋር መቀመጥ ቁጡ ላም እንደማለብ ነበር። ግን የሚደነቀው ይኼ አይደለም። ራሄል ከምታስተምርበት ግቢ ደጅ ላይ፣ ትምህርት ሲለቀቅ፣ በየቀኑ ይቆም ጀመር። ተማሪዎቹ ይስቁበታል፤ ቆሞ ይሳቅበታል። መጀመሪያ ብቻዋን ሄደች፤ ኋላ አብረው ሄዱ። በመንገድ ላይ ትንሹንም ትልቁንም ይነግራታል፤ ዛሬ በግ በስህተት ሁለቴ ከተብኩ፣ ዛሬ አንድ ሰው ሲያጨስ አይቼ ተከትዬው ሄድኩ፣ ዛሬ ንብ ነደፈኝ። ሰው በትንሹ ነገር እየተሳቀበት እውነት መናገር ሲለምድ ትልቁ አይከብደውም መሰለኝ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተጋቡ፤ ጌዶ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ኦቦ ኢተፋም እጁን ጨብጠው አይታጠቡም።

ከተማውስ? እውነቱ ሳሎን ሙሉ ሰው ፊት ተነግሯል፤ ዕቃው ታይቷል፤ ጽጌ መስክራለች። አንድም ሰው አላመነም። «ጥጥ!» ይሉና ይስቃሉ። «ሽማግሌዎቹ እኮ ጨዋ ስለሆኑ ሸፈኑለት።» የጽጌ ቤት ግን ሰው በሰው ሆነ፤ ዶክተሩን ያሳተችውን ሴት ለማየት ከእንጭኒ ድረስ ጸጉር ሊሠሩ የሚመጡ አሉ። ስትጠየቅ አትክድም፣ አታምንም፤ ትስቃለች። ይባስ ብሎ ቃሉ ራሱ ትርጉም ለወጠ። ዛሬ አምቦ ላይ አንድ ባል አምሽቶ ሲገባ «ጥጥ ሊገዛ ሄዶ ነው» ይባላል፤ ሰሚው ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ባለፈው ጽጌ የአገልግሎት ዋጋዋን አሳትማ ግድግዳ ላይ ልትሰቅል ፈለገች። አተምኩላት፣ በላስቲክ ለበጥኩት፣ መንገዱን ተሻግሬ አደረስኩላት። ምስማሩን መታሁላት፣ ሻይ አዘዘችልኝ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። በቃ ይኼው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ራት አቀረበች። ከአጠገቤ ተቀመጠችና፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«ጥጥ ተገኘ?» አለችኝ።

ወጡ ጨው አልነበረውም። ዝም ብዬ በላሁ።